ወንድሜ ሊሠራት የነበረውን አውሮፕላን ስለሠራችሁልን

ለተከበሩ የውጭ ዕቃዎች ፍተሻና መልቀቂያ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኝተው በተነሡበትና ዓይንዎ ጥርት አድርጎ በሚያይበት ሰዓት እንዲደርስዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ መጋረጃ ሰፍቼ የማድር ሴት ነኝ፤ እንደ እርስዎ ላለ ትልቅ ሰው የመጻፍ ልምድ የለኝም። ስለዚህ ያልተገባ ቃል ቢያመልጠኝ ንዴት ነውና ይቅር ይበሉኝ፤ ባያመልጠኝም ንዴቱ የበረደ እንዳይመስልዎ።

ጉዳዬ ስለ አውሮፕላን ነው። አይደንግጡ፣ ከጫማ ሣጥን የማትበልጥ ካርቶን ውስጥ ተበታትና የመጣች የፕላስቲክ አውሮፕላን ናት። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ሰፈሩ ግን ጣቱ ላይ ሙጫ ጠፍቶ ስለማያውቅ «ሙጫው» የሚለው ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ኤሌክትሪክ ሲጠግን የኖረ ነው። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሶቪየቶች ያበሯቸው የነበሩ አውሮፕላኖችን ትንንሽ ሞዴሎች ይገጣጥማል፣ ይቀባል፣ መደርደሪያ ላይ ይሰቅላል። ለምን የእነሱን ብቻ እንደሆነ ስጠይቀው፣ የሌላ አገሩን ማንም ሰው ገዝቶ ይሠራዋል፣ የእነዚህን ግን ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው ይለኛል። እውነቱን ነው። አብሬው ሱቅ ለሱቅ ስዞር ባለሱቆቹ ወይ አፍንጫው ላይ የሻርክ ጥርስ የተሳለበት አውሮፕላን ያወጡልናል፣ ወይ በባትሪ የሚጮህ የሕፃን ሄሊኮፕተር እያስነሡ ጆሯችንን ያደነቁሩናል።

ከሁሉም አብልጦ ሲፈልግ የኖረው ፖ-ሁለት የምትባለዋን ነው። ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራች፣ ክንፏ ላይና ታች ድርብ የሆነ፣ ስትበር የምታዘግም አውሮፕላን ናት፤ ሴቶች በሌሊት እየነዷት፣ ጠላት ዘንድ ሲደርሱ ሞተሯን ቀንሰው ድምፅ ሳያሰሙ እየተንሸራተቱ ቦምብ ይጥሉባት ነበር። ወንድም ጋሼ ስለ እነዚያ ሴቶች ሲያወራ የጎረቤቶቻችንን ሴቶች የሚያማ ነው የሚመስለው። ሞዴሏን እሱ በሚፈልገው መጠን አሳንሳ የምትሠራው ትንሽ ፋብሪካ ተዘግታለች። ስንፈልግ ስንፈልግ፣ በመጨረሻ ባሏ የሞተባት አንዲት የሩቅ አገር ሴት የባሏን ያልተከፈቱ ሣጥኖች እንደምትሸጥ ሰማን። ለሚሠራ ሰው እንጂ ለሚነግድ አልሰጥም ብላ አስቸገረችን፤ ወንድም ጋሼ የሠራቸውን አውሮፕላኖች ሁሉ ፎቶ አንስቶ ከላከላት በኋላ ግን እሺ አለች፣ አደራም ጨመረችበት። ባሌ ነገ እሠራታለሁ እያለ ሳይከፍታት ሞተ፣ አንተ እንዳታቆያት አለችው።

አሁን፣ ክቡር ሆይ፣ ይቺን ልብ ብለው ያንብቡልኝ። ወንድም ጋሼ የዓይን ግፊት አለበት። የሚያየው ከዳር ወደ መሀል እየጠበበበት ነው፤ ሐኪሙም የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውንም በጠብታ እናዘገየው እንደሆነ እንጂ አናቆመውም፣ በዓይንህ መሥራት የምትፈልገው ነገር ካለ አሁን ሥራው ብሎታል። ወንድም ጋሼ ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ «በቃ፣ ፖ-ሁለቷን ነው» አለኝ። ሁለቱ ክንፎቿ መካከል ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጠራሉ፣ ሞዴሏ ላይ ደግሞ በክር ነው የሚሠሩት። ያንን ዓይኑ እንደማይችለው ስላወቀ «ክሩን አንቺ ነሽ የምትወጥሪው፤ ዕድሜ ልክሽን ክር ይዘሽ የለ እንዴ» አለኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደዚያ ጠረጴዛ ዝር እንዳልል ስባረር የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን ደስታዬን የት እንደማደርሰው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ዕቃው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የተደረገልንን ውለታ በተራ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ሴትየዋ ጥቅሉ ላይ በቅን ልቧ «አውሮፕላን፣ የጦርነት ጊዜ፣ ያልተገጣጠመ» ብላ ጽፋበት ነበር። መሥሪያ ቤትዎም አስተዋይ ነውና «ያገለገለ የጦር አውሮፕላን፣ ተፈታትቶ የገባ» ብሎ መደበው። ስንሄድ፣ የተሠራበት ዘመን ለተሽከርካሪ ከተፈቀደው የዕድሜ ጣሪያ በጣም ያለፈ ስለሆነ አገር ውስጥ ሊገባ አይችልም ተባልን። ይህን የነገረችን ሠራተኛ የጦር አውሮፕላኑን በብብቷ ሸጉጣው ነበር። አበስኩ ገበርኩ!

፪ኛ. የሞተር ቁጥር አምጡ ተባልን። ሞተሯ የአውራ ጣቴን ጥፍር ብታክል ነው። ይህንኑ በትሕትና ባስረዳ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ «እናት፣ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ቁጥር አለው፤ ቁጥር ከሌለው ደግሞ የተሰረቀ ነው» አለኝ። ወንድም ጋሼ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ።

፫ኛ. ኮሪደራችሁ አምፖል የለውም። ዳር ዳሩን የማያይ ሰው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የእሳት ማጥፊያ ጋር ሁለት ጊዜ ሲላተም ጥበቃው «አባት፣ እያዩ ይሂዱ እንጂ» ብሎ መክሮታል። ስለ ምክሩ እጅ እንነሣለን።

፬ኛ. ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ኮሚቴው አልተሟላም፣ ሲስተም የለም፣ ፈራሚዋ ወልዳለች። እንኳን ማርያም ማረቻት፤ ግን አንድ ሰው ስትወልድ አንድ መሥሪያ ቤት አብሮ አራስ ቤት የሚገባው በምን ሕግ እንደሆነ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ የመጣን ሰሞን መስኮቶቹ ላይ የተጻፈውን ከሩቅ የሚያነብልኝ ወንድም ጋሼ ነበር፣ እኔ መነጽሬን ስለምረሳ። ቆይቶ እኔ የማነብለት ሆንኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መስኮቱ የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ፊት ለፊቱ ቆመን ነበር። የእናንተን ቀጠሮ እኔ የምቆጥረው በዚህ ነው።

፭ኛ. ወደ ዋናው ውለታ መጣሁ። ኮሚቴው፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ አንድ ቀን ተሟላ። ተሟልቶም ዕቃው መብረር የሚችል መሆን አለመሆኑ ተበታትኖ እያለ ሊታወቅ ስለማይችል «በሙሉ ቁመናው ይታይ» ብሎ ወሰነ። ወሰነና ሠራው! ሣጥኑን ቀደው፣ እያንዳንዷን ክፍል ከፕላስቲክ ማቀፊያዋ ገንጥለው፣ ለተሰበረ የወንበር እግር በምትጠቀሙበት ፈጣን ማጣበቂያ ለጠፏት። ከላይ መሆን ያለበት ክንፍ ታች፣ የታችኛው ላይ ነው። የፊት መስታወቶቿን የማጣበቂያው ትነት አደብዝዟቸዋል። ጎማዎቿ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ክንፏ ላይ የሚለጠፉት ቀያይ ኮከቦች «የባዕድ ጦር ዓርማ» ተብለው ተወርሰዋል፤ በምትካቸው ግን ባዶ እንዳትሆን አስባችሁ በሐምራዊ ቀለም «ተፈትሿል» የሚል ማኅተም ክንፏ መሀል አሳርፋችሁባታል። ሽቦ የሚባል ነገር የላትም።

የክፍሉ አለቃ ይህችን ጉድ በሁለት እጃቸው አንሥተው ሲያስረክቡኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ልፋቱን ሁሉ ጨርሰንልሻል፤ ወንድምሽ እንግዲህ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ነው» አሉኝ።

ማየት ብቻ!

ክቡር ሆይ፣ እኔ ምላሴ የሚተሳሰር ሴት አይደለሁም፤ መጋረጃ አጥሮ መጣ ብለው ከሚጮሁ ሰዎች ጋር ስከራከር ነው የኖርኩት። ያን ጊዜ ግን የሰጡኝን ብዕር ተቀበልኩ። ፈርሜ ወጣሁ። እስከ ዛሬም ያ ፊርማዬ ያንገበግበኛል።

ቤት ስደርስ ወንድም ጋሼ ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጎ፣ መቁረጫውንና ብሩሾቹን ደርድሮ ነበር የጠበቀኝ። ምን ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኝ ሣጥኑን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ክዳኑን ከፍቶ እጁን ሰደደ፤ ጣቶቹ ክንፎቹ ላይ ሄዱ፣ መለሱ፣ እንደገና ሄዱ። «ተሠርታለች» አለ። ከዚያ መቁረጫውን አንሥቶ መገጣጠሚያውን ሊለቅቀው ሞከረ። ማጣበቂያው ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ሆኗል፤ ክንፏ ከመሀል ተሰበረ፣ እጁም ደማ። «ተይው በቃ፣ መስመሩ አይታየኝም» አለኝና መብራቱን አጠፋው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ የንዴት ልቅሶ ነበር።

ሌላ ፈልጊለት ይሉኝ ይሆናል። ፈልጌያለሁ፣ አሁንም እየፈለግሁ ነው፤ ያቺ ሴትም አንድ ብቻ ነበረቻት። ደግሞስ ቢገኝ በምን ዓይኑ? ያ ሰው ለብዙ ዘመን ሠራተኞቻችሁን ወደ ሥራ የሚያመላልሱትን አውቶቡሶች ሲያበራ የኖረ ነው። የለመናችሁ የታሸገን ሣጥን እንደታሸገ እንድትሰጡት ብቻ ነበር። ምንም ባትሠሩ ኖሮ ይበቃን ነበር፤ በዕድሜያችሁ አንድ ቀን ተግታችሁ የሠራችሁት ሥራ ይኸው ሆነ።

ስለዚህ አመሰግናለሁ። አገሪቱን ጥፍር ከምታህል ሞተር ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። ኮሚቴዎ ሣጥን ከፍቶ፣ ሙጫ ይዞ፣ ተሰብስቦ ሲጫወት በእኛ ዕቃ ስለተደሰተ አመሰግናለሁ። ሥዕላዊ መመሪያው በሣጥኑ ውስጥ ሳይገለጥ እንደታጠፈ ስለተመለሰልን በተለይ አመሰግናለሁ፤ ንጽሕናው ያስቀናል። የአውሮፕላኗን አብራሪና መንገድ ጠቋሚ፣ ሁለት የጣት አንጓ የማያክሉ ሴቶች፣ ሳታስገቧቸው በፌስታል ትርፍ ብላችሁ መልሳችኋቸዋል። እነሱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ እባክዎ መስኮት ላይ ያስቀምጡልኝ፣ ቢያንስ ጠዋት ሰው ሲመጣ በቦታቸው የሚገኙ ሁለት ሠራተኞች ይኖሯችኋል።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ኮሪደርዎም እንደ ልማዱ እንዲጨልም እየተመኘሁ፣ ለክብርዎ ወገቤ እስኪቀጭ ዝቅ ብዬ፣ ንዴቴ ግን ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣

የእርስዎው ትሑት ባለጉዳይ፣
መጋረጃ ሰፊዋ፣ የሙጫው እህት

ማስታወሻ፦ ወንድም ጋሼ ይህን ደብዳቤ ካነበብኩለት በኋላ፣ አውሮፕላኗን የሠራት ሰው ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ አለ። ሊረግመው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ክፍሎቹ ሲገጥሙ ቀጥ ብለው ይገቡ እንደነበር፣ የሞተሯ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታይ እንደነበር፣ በአጠቃላይ ስትሠራ ምን እንደምትመስል ሰውየው መጥቶ እንዲነግረው ነው። ይላኩልን። እኔ በሩን ከፍቼ ወንበር እሰጠዋለሁ፣ ቃል ሳልናገረውም እወጣለሁ፤ በዓይኑ ያየው እሱ ነውና፣ ለወንድሜ እሱ ይንገረው።