ከጀልባው ኋላ ያለው ውኃ

ይድረስ ለወንድምዓለም ገድሉ፦ ናፍቆቴ ካለህበት ይድረስህ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ለአኒሜሽን ፊልማችን በኮምፒውተር የሠራሁትን ጀልባና ከኋላው የሚከተለውን ውኃ አለቃዬ አይቶ «ውኃው ይበቃል፤ ማን ያስተውለዋል?» አለኝ። «የጣና ሰው!» ብዬ እንቢ አልሁ። ቅዳሜ አባባ በሚነዱት ጀልባ ከኋላ ተቀምጬ ውኃው ሲሰነጠቅ፣ ሞገዱ ግራና ቀኝ ሲከፈት፣ አረፋው ሲከስም በስልኬ ቀረጽሁ። ወደ ደቅ ደሴት የተነሣን ዘጌ ደረስን። ተሳፋሪዎቹ ቢያጉረመርሙ «ጉሙ ነው!» ብዬ ጮህሁባቸው፤ ፀሐዩ ግን ያቃጥል ነበር። የጀልባ ማኅበሩ ሰዎች «መሪውን ለሌላ ይስጡ» ሲሉም «አባቴን ከጀልባቸው የሚያወርድ ወንድ ይምጣ!» አልኋቸው። አሁን በየቀኑ አብሬያቸው እወጣለሁ፤ ውኃውን ላጥና ብዬ ነው። የሠራሁት ውኃም ነፍስ ዘራ።

አባባ ሰላም ብለውሃል። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልኸውን ተወውና በዚህ ሰሞን ና።

አክባሪ እህትህ ሥርጉት፣ ከባሕር ዳር