ለንስሐ አባቴ ያካፈልሁት ብልቃጥ

ለምወድሽ ልጄ ለእስከዳር፤

ሰላምታዬ እንደ ጊች ተራራ ጉም ከእኔ ቀድሞ ደጅሽ ይድረስ። እንዴት ነሽ ልጄ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እዚያ አረጋውያን የምትጦሪበት ቤት ሥራው ቀለል አለልሽ? ባልሽ ታደለስ የጀርመንን ብርድ ለመደው? ልጅሽ ትሕትና የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች ወይ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ወተቱ ግን ፋሲካን ይጠብቃል። ገብሱም ጎተራ ገብቷል።

ወረቀት ያነሣሁት በስልክ የማይነገር ነገር ስለገጠመኝ ነው። በስልክ ብጀምረው ድምፄ ይከዳኛል፤ መስመሩም መሀል ላይ ይቋረጣል።

የላክሽልኝ የሆድ መድኃኒት እንደረዳኝ ነግሬሽ ነበር። ባለፈው ዓመት ጎንደር ያየኝ ሐኪም የእርስዎ ጨጓራ ምግብ የሚፈጭበት ፈሳሽ አንሶታል ሲለኝ ግር ብሎኝ ነበር። በእኛ አገር ጨጓራ ያቃጥላል እንጂ ያንሰዋል ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ መድኃኒቱም ተልባ ነው። አንቺ ያንን የክኒን ብልቃጥ ልከሽ፣ «እማ፣ ምሳሽን ጀምረሽ ነው እንጂ በባዶ ሆድሽ እንዳትውጪው» አልሽኝ። እንዳልሽኝ አደረግሁ። ሽሮው ሆዴ ላይ እንደ ድንጋይ መቀመጡን ተወ፤ ግሳቱም ቀረልኝ።

ሁለተኛው ብልቃጥ ሲደርሰኝ የንስሐ አባታችንን አሰብሁ። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ሆዳቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሚቀድሱት። ታውቂያለሽ፣ በእኛ ቤት የመጀመሪያው እሸትና የመጀመሪያው ማር ሳይቀመስ ለእርሳቸው ይሄዳል። መድኃኒቱንም እንደ እሸት ቆጠርሁት። ግማሹን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ ወስጄ፣ ልጄ የላከችልኝ የጨጓራ መድኃኒት ነው አልኋቸው። «ጀርመን ደግሞ ጨጓራ ያውቃል?» ብለው ሣቁብኝ። ከምግብ ጋር ነው የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የሚጾምን ቄስ መቼ እንደሚበላ ማዘዝ አሳፈረኝና ተውሁት።

በአራተኛው ቀን ሚስታቸው እሌኒ እየሮጠች መጣች። ነጠላዋ ደም ነክቶት ነበር። ስደርስ ቄሱ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ያስታወኩት ደም ላይ አመድ ነስንሰውበታል። ለካ ከቅዳሴ ሲወጡ እህል ሳይቀምሱ ሁለት ሁለቱን በጸበል ይውጡት ኖሯል። አንዱ ከረዳ ሁለቱ ይበልጥ ይረዳል ብለው ነው። ሰዉ በቃሬዛ ተሸክሞ ደባርቅ አወረዳቸው። እኔም ብልቃጡን ጉያዬ ውስጥ ይዤ ከኋላ ተከተልሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ብልቃጡን ተቀብላኝ ጽሑፉን አነበበችው። «እማማ፣ ይኼኮ አሲድ ነው» አለችኝ። ልጄ፣ እኔ አሲድ የማውቀው የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን ነው። ልጄ አሲድ ላከችልኝ? እኔስ ሦስት ወር ሙሉ አሲድ ስበላ ነው የከረምሁት? ሐኪሟ ደግፋ አስቀመጠችኝና አስረዳችኝ። ጨጓራ የራሱ አሲድ አለው፤ የእኔ ስላነሰ ይኼ ይሞላዋል። የቄሱ ጨጓራ ግን ቁስል ኖሮበታል። «እርስዎ የጎደለዎት ነገር እርሳቸውን እያቃጠለ ነበር፤ በዚያ ላይ ጨመሩበት» አለችኝ። እሌኒ ይኼን ሰምታ ዞር አለችና፣ «ውዱ፣ ባሌን በስጦታ ልትገድይብኝ ነበር» አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ከዚህ ወደሚከብደኝ ልምጣ። አባትሽ ደርቤ ሲሞት አንቺ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ፀሐይ መታው ተባለ። ተራራ ሊያዩ የሚመጡትን እንግዶች ጓዝ በበቅሎ ወደ ጊች ሲያመላልስ ጉልበቱን ስላመመው ከዳባት ገበያ ክኒን ገዝቼለት ነበር። ያኔም ሁዳዴ ነበር። ጎህ ሲቀድ ክኒኑን በባዶ ሆዱ አስውጬ እሸኘው ነበር። ከክኒኑ ጋር የነበረውን ወረቀት ማንበብ ስለማልችል ጨው ቋጠርሁበት። አባትሽ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነገር አስታወከና፣ ቄሱ በመጡበት በዚያው መንገድ፣ በቃሬዛ ላይ፣ ደባርቅ ሳይደርስ ሞተ።

በአንቺ ደብተር ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዳዊት ለመድገም ይመስልሽ ነበር። ፊደል እንደለየሁ መጀመሪያ ያነበብሁት ግን ያንን ወረቀት ነው። ጨው በልቶት አንድ መስመር ብቻ ቀርቶት ነበር፦ ምግብ ሳይበሉ አይውሰዱ። ይኼን አሥራ ስምንት ዓመት ለማንም አልተናገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን።

ቄሱ ደም ተሰጥቷቸው በሦስተኛው ቀን መናገር ሲጀምሩ፣ አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኋቸው። እግዚአብሔር ይፍታሽ እስኪሉኝ ስጠብቅ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ትራሱ ላይ ወረደ። «ውዱ፣ ደርቤ ያን ሰሞን እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር» አሉኝ። «ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ ክኒኑን አይታ በባዶ ሆድህ አትዋጠው ብላኛለችና ጠዋት ቁራሽ እንድቀምስ ይፍቀዱልኝ አለኝ። ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ ታገሥ አልሁት። ታገሠ።»

ልጄ፣ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። አባትሽ ያውቅ ነበር። እያወቀ ክኒኑን ከእጄ ይቀበልና ይውጠው ነበር፤ አንድም ቀን አልነገረኝም። በእርሱ ልቆጣ፣ በቄሱ ልቆጣ፣ በራሴ ልቆጣ፣ አላውቅም። ያን ዕለት እሌኒ ወተት የገባበት አጥሚት አምጥታ ነበር፤ ሐኪሟ ነበረች ያዘዘችው። ቄሱ ሁዳዴ ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ። «ሰውን ታገሥ ብለው የሆነውን አሁን ነገሩን» አለቻቸው እሌኒ፤ አጠገባችን ሆና ሁሉን ሰምታ ነበር። «ይጠጡ።» ተቀብለው ጠጡ። ሐኪሟ ይድናሉ ብላናለች።

ቄሱ እርሳቸው ሌላ አባት ፊት ሳይናዘዙ ለእኔ ቀኖና እንደማይሰጡኝ ነገሩኝ። ቀጥለውም፣ «ለደርቤ ልጅ ጻፊላት፤ የእኔንም በደል ጨምሪበት» አሉኝ። ይኸው ከሆስፒታሉ ግቢ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ ጽፌልሻለሁ።

መድኃኒቱ እያለቀ ነውና ስትልኪ ሁለት ወረቀት አብረሽ ላኪልኝ። በአንዱ መቼና ለማን እንደሚሆን፣ ለማንስ እንደማይሆን በአማርኛ ጻፊልኝ። በሁለተኛው ስለ አባትሽ የምትይኝን ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊው፤ አነበዋለሁ።

ታደለን በእኔ ቦታ ሆነሽ ሳሚልኝ፤ አንገቱን ከብርድ ይሸፍን። ትሕትናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ፊደልም አስቆጥሪያት። እሌኒ ሰላም በያት ብላኛለች። ቄሱ ሰላምታ ለመላክ አፍረው መስቀላቸውን ብቻ ወደ ወረቀቱ ዘረጉልሽ።

ከእንግዲህ በወረቀት ጨው የማትቋጥር እናትሽ
ውዱ

ደባርቅ፣ መጋቢት ፳፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.