የአባቴ ፊያት ወደ ሐረር እንድትመለስ

ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኢትዮጵያ ድንበር ተሻጋሪ ተሽከርካሪዎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ጅቡቲ

ጉዳዩ፦ የመኪናችን የቤንዚን ሞተር ከመውጣቱ በፊት የመግቢያ ማረጋገጫ እንዲጻፍልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ ናዒማ ዓብዱልመጂድ የካርቲዬ ሁለት ሰፈር ነዋሪ፣ አምቡሊ ሰፈር ባለ ማቀዝቀዣ መጋዘን የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። የማመለክተው ስለ ሰማንያ ዓመቱ አባቴ ስለ ሐጂ ዓብዱልመጂድ ዑመር ነው።

1. አባቴ በ1967 ዓ.ም. ከሐረር ወደዚህ ሲመጡ ትንሿን ፊያት ስድስት መቶ ከድሬዳዋ በባቡር አስጭነው ነበር። እናቴ ሐዲጃ ያኔ ሙሽራ ነበሩ። ከአገር መራቁ ሲከብዳቸው አባቴ በዚህችው መኪና እመልስሻለሁ ብለው ቃል ገቡላቸው። ሳይመለሱ እናቴ ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ አርፈው ተቀበሩ። መኪናዋም ከዚያ ወዲህ ግቢ ቆማ የባሕሩ ጨው ወለሏን በላው።

2. ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪም የጅቡቲ ሙቀት ለአባቴ ልብ እንደማይስማማ ነግሮን ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ ሌላ የሙቀት ወራት እንደማይችል ነግሮናል። ከግንቦት በፊት ሐረር ወዳለችው እኅታቸው መሄድ አለባቸው። አባቴ ግን ያለ መኪናዋ አልሄድም ብለዋል። ለምነናቸዋል፤ ሽማግሌም ልከናል።

3. ስለዚህ ባልባላ ሰፈር ጋራዥ ካለው መካኒክ ከበበው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ በዕረፍት ቀናችን ሠራናት። የዛገውን ወለል ቆርጠን ቀየርን፤ ፍሬኑንና ካርቡራተሩን አደስን። ኅዳር ላይ ሞተሩ ሲነሣ አባቴ ለሶላት ውዱእ ያደረጉበት ውኃ ከክንዳቸው ሳይደርቅ ወጡ። መኪናዋ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ክዳኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው እስኪግል ድረስ ቆሙ።

4. የቤንዚን መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንደማይገባ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። በኤሌክትሪክ ለመቀየር ሙያው አለኝ፤ የባትሪውንም ቦታ ለክቻለሁ። ነገር ግን የድሮው ሞተር የሚያርፍበት ብረት መቆረጥ አለበት፤ ከተቆረጠ ሞተሩ ዳግመኛ አይገባም። ይህን ስነግራቸው አባቴ ሁለት ቀን መኪናዋ አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን፣ «አንቺ ካልሽ አውጪው። ግን አውጥተሽም እዚሁ እንዳንቀር» አሉኝ።

5. የፈሩት ደረሰ። የከተማው የተሽከርካሪ መዝገብ ክፍል፣ ተቀባዩ አገር እንደሚያስገባት ካልጻፈ የሞተር ለውጥ አልፈቅድም ይላል። የክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ደግሞ በመጀመሪያ «ኤሌክትሪክ» የሚል ሊብሬ አምጪ ይሉኛል። ስድስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም፤ ወንበርም ሰጥተውኛል። ሁሉም በየበኩሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን በሁለቱ ልክ መካከል መውጫ አጣሁ። ሳይፈቀድልኝ ብቆርጣት እዚህ የማትነዳ፣ እዚያም የማትገባ ብረት ትሆናለች።

6. ሳልደብቅ ልናገር፤ በጥር ወር ተስፋ ቆርጬ የብረት መቁረጫውን ሶኬት ላይ ሰክቼ ነበር። አባቴ በመስኮት ያዩኝ ነበር፤ አልከለከሉኝም። እጄ እምቢ አለኝና ነቀልሁት።

ስለዚህ መኪናዋ ወደ ኤሌክትሪክ ተቀይራ በባለሙያ ከተመረመረች እንድትገባ የሚፈቀድላት መሆኑን የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቀሪውን እኔ እጨርሳለሁ። ሙቀቱ ሊገባ ሦስት ወር አልቀረውም።

ይህ የማይቻል ከሆነም፣ አይቻልም የሚለው መልስ ማኅተም አርፎበት በጽሑፍ ይሰጠኝ። በቃል የተባልሁትን ይዤ ስመለስ አባቴ በደንብ ያልጠየቅሁ እየመሰላቸው፣ «ነገ ደግሞ ሂጂ» ይሉኛል።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

ናዒማ ዓብዱልመጂድ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የሊብሬ ቅጂ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የመኪናዋ ሁለት ፎቶግራፎች