ስለ ነፋሱ የጻፍኩት ሰሌዳ

ውድ ሲሪላ፣

ሰባት ሳምንት ሙሉ ስልክ በደወልኩ ቁጥር "እናቴ ተኝታለች" እየተባልኩ ነው። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ በምሳ ሰዓት፣ አንዴ ደግሞ እሁድ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ። አንቺ ቀን የምትተኚ ሴት አይደለሽም፤ ስትታመሚ እንኳ ቁጭ ብለሽ ነው የምታቃስቺው። ስለዚህ ገብቶኛል። ደብዳቤ ግን ተኝታለች ተብሎ አይመለስምና እጽፍልሻለሁ።

ማንበብ ስለማትችዪ የምታነብልሽ ኒኮላሳ እንደምትሆን አውቃለሁ። ኒኮላሳ፣ ልጄ፣ ሂላሪዮ ወንድምሽ ነበርና ጉዳዩ ያንቺም ነው። የሚያናድድሽ ቦታ ስትደርሺ ተናደጂ፤ ግን አንዲት ቃል ሳትዘልዪ ለእናትሽ አንብቢላት።

ሲሪላ፣ ለቂጣችን የካሳቫ ሥር የምንፈቀፍቅበት ቤት ፈርሶ በቦታው ያ ትልቅ የባህል ማዕከል ሲቆም ከሁላችሁ ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። በአንዱ ግድግዳ የእኛ የጋሪፉናዎቹ ከበሮና ቅድመ አያቶቻችን ከደሴታቸው ተባርረው የተጫኑበት መርከብ ሥዕል፣ በሌላው የማያዎቹ ሽመናና የበቆሎ መፍጫ ድንጋይ። ከአፍሪካ የመጣው ደምና እዚሁ የበቀለው ደም በአንድ ጣሪያ ሥር። ኤቫሪስቶ የማዕከሉ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ በዚያ ሙቀት ከረባት ማሰር ጀምሮ የለ? የምረቃው ቀን "እኛ የተገናኘን ሁለት ወንዞች ነን" እያለ ላቡን ሲጠርግ፣ "ሁለቱም ወንዝ ከብብቱ ሥር ነው የሚፈልቀው" አልሽኝ በጆሮዬ። ሳቄን ለመዋጥ ምላሴን ነከስኩ። ከዚያ ወዲህ አብረን አልሳቅንም።

የሴቶች ዘፈን የሚደመጥበትን ጥግ ያደራጀሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የአሥራ አንዱንም ዘፈን መግለጫ እንድጽፍ ለእኔ ተሰጠኝ። ኤቫሪስቶ ሳያነብ ፈረመበት። ያንቺ ዘፈን ሰባተኛው ነበር። ከሥሩ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ካንደላሪያ ሸማኔዋ ናት ያነበበችልሽ።

"ይቺ የኔ ናት፤ ምን ብላ ጻፈችልኝ እስኪ?" አልሻት፣ ማዳመጫውን በሻሽሽ ላይ እንዳጠለቅሽ።

ካንደላሪያ ምኑንም አታውቅ፣ ከማያዎቹ መንደር እዚያ ልትሸምን ከመጣች ገና ሳምንቷ ነበር። ጮክ ብላ አነበበች፦ "ባሏ ባሕር ላይ የቀረባት ሴት ነፋሱን የምትወቅስበት ዘፈን። ደራሲዋ አትታወቅም።"

"ድገሚልኝ።"

ደገመችልሽ። ከዚያ ወደ እኔ ዞርሽ። ፊትሽ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

"ኤውላሊያ፣ ይሄ የነፋስ ዘፈን ነው?"

"ታዲያ የምን ነው?" አልኩሽ።

"አሥራ ስምንት ዓመት ጣቴን ይዘሽ ስትዘፍኚ የምን መስሎሽ ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዘፈን ነዋ። ሁላችን እንዘፍናለን፣ እኔም ዘፈንኩ።"

ማዳመጫውን አውልቀሽ እንደ እንቁላል ቀስ አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽው። ኤቫሪስቶ "እናቶች፣ እንግዶች አሉ፣ እባካችሁ እንግዶች አሉ" እያለ መሃላችን ገባ። አንቺ ግን ወጥተሽ ሄደሻል። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ቤሊዝ ከተማ፣ ኒኮላሳ ዘንድ መሳፈርሽን የሰማሁት ከሰው ነው።

አክስት ሰባስቲያና ደጄ መጥታ ቆመች። ግቢ ብላት እምቢ አለችኝ። እሷ ጣት ለጣት ተያይዘን የምንዘፍንበትን ሰልፍ መምራት ከጀመረች አርባ ዓመቷ ነው፣ ሕጉን የሚያስተምራት የለም።

"አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ እስኪ መልሺልኝ" አለችኝ። "የተዘፈነባት ሴት ምን ታደርጋለች?"

"አትመልስም።"

"አትመልስም። ወይ ከሰልፉ ትወጣለች፣ ወይ ትንሿን ጣቷን ሰጥታ አብራ ትዘፍናለች። አብራ ከዘፈነች ጥፋቴን ተቀብያለሁ ማለት ነው፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ማንም አያነሳባትም። ሲሪላ አንቺን የማረችሽ ያን ቀን ነው። ጎረቤትሽ ሆና የኖረችው፣ ዓሣዋን ያካፈለችሽ፣ ባልሽ ሲሞት ፀጉርሽን የሠራችሽ በዚያ ነው። አሁን በሰው ፊት አላውቅም አልሽ። ታዲያ ሴትየዋ ይህን ሁሉ ዓመት ይቅር ስትል የኖረችው ማንን ነው?"

"አላውቅም ነበር፣ አክስቴ።"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" ብላኝ ሄደች።

እውነቷን ነው። ሲሪላ፣ አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።

ሂላሪዮ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ካሳቫውን ፈቅፍቀን ጨርሰን፣ እጃችን ገና ነጭ እንደሆነ ተሰለፍን። "አንድ ዘፈን አለኝ" አልሽ። ከበሮ የለ፣ ምን የለ፣ ጣት ለጣት ተያይዘን እየተወዛወዝን አንቺ አወጣሽ፣ እኛ ተቀበልን። "ባሕሩ ተኝቶ ነበር፣ እንደ ዘይት ተኝቶ። እሷ ግን ነፋስ አለ አለችኝ። ልጄ ያን ነፋስ ሳያየው ሄደ።" ጣቴ በጣትሽ ውስጥ ላብ በላብ ሆነ። እንደምትጨብጪኝ ወይም እንደምትለቂኝ ጠበቅኩ፤ አንዱንም አላደረግሽም። እኔም ዘፈንኩ። ስጨርስ ቀሎኝ ነበር። ማታ ለእኔና ለባሌ ለፋውስቲኖ የተጠበሰ ዓሣ ላክሽልን።

እዚህ ላይ ባቆም ይሻለኝ ነበር። ግን አንቺ የማርሽኝ ከሚገባው ባነሰ ጥፋት ነው። አንቺ የምታውቂው ባሕሩን ፈርቼ እንደከለከልኩሽ ነው።

ያን ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሂላሪዮን ታቅፈሽ መጣሽ። ሰውነቱ ይቃጠላል፣ አንገቱ ደርቋል። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደውን መንገድ ወንዝ ቆርጦታል፤ በመንደሩ ሞተር ያለው ጀልባ የፋውስቲኖ ብቻ ነው። በሩን በገላዬ ሞልቼ ቆምኩ።

"ፋውስቲኖ ጀልባውን ያውጣልን" አልሽኝ።

"ነፋስ ተነስቷል። ፋውስቲኖ አይሆንም ብሏል። ጠዋት በጊዜ ይወስዳችኋል።"

ዞረሽ ባሕሩን አየሽ። "ተኝቷል እኮ፣ ኤውላሊያ።"

"ከጥልቁ በኩል ነው ነፋሱ። እሱ ያውቃል።"

ፋውስቲኖ አይሆንም አላለም። ከጀርባዬ ወለሉ ላይ ሰክሮ ወድቆ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት በቤተ ክርስቲያን ሕዝብ ፊት ዳግመኛ መጠጥ ላይቀምስ የማለው ሰውዬ። በማለበት ቀን በደስታ አልቅሰሽ ነበር፤ ዶሮሽን አርደሽ ያበላሽን አንቺ ነሽ። የሞተሩን ቁልፍ ጀልባ መንዳት ለሚያውቀው ወንድምሽ ብሰጠው ይበቃ ነበር። ግን ፋውስቲኖ የት ሄዶ ነው ይባላል ብዬ አሰብኩ። የባሌን ማፈርና የልጅሽን ትኩሳት ባንድ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ፣ ሲሪላ። ትኩሳት ይበርዳል አልኩ። እንደሚበርድ አምኜ ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ይህን የምልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም።

ጠዋት ወሰዳችሁ። ልጁ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሳይደርስ አረፈ። ፋውስቲኖ ጀልባው ውስጥ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ፣ አንቺ ልጅሽን እንዳቀፍሽ በሌላው እጅሽ ጀርባውን መታ መታ እያደረግሽ አጽናናሽው። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እስኪሞት አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። መንደሩም መሐላውን ጠበቀ ብሎ አከበረው። እኔም ዝም አልኩ፣ እሱም ዝም አለ፣ እንዲህ ተከባብረን ኖርን።

ታዲያ ያን ሰሌዳ ለምን እንዲያ ጻፍሽው ትዪኛለሽ። የሚዘፈነው በእኛው በሴቶች መሃል ነው፤ ሲያልቅ ያልቃል። የተጻፈ ግን ማንም መጥቶ ያነበዋል። "ጎረቤቷ የዋሸቻት ሴት ዘፈን" ብዬ ብጽፍ፣ ጎረቤቷ ለምን ዋሸች የሚል ሰው አይጠፋም። እሱን የጠየቀ ደግሞ እስከ ፋውስቲኖ መቃብር ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ለነፋሱ ሰጠሁት። ስምሽንም ያጠፋሁት ማንም አንቺን እንዳይጠይቅሽ ነው። ልጅሽን በአንድ ውሸት፣ ዘፈንሽን በሌላ ውሸት ወሰድኩብሽ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አይደለም፣ አስቤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የጻፍኩት ነው።

ሰኞ ሄጄ ሰሌዳውን ነቀልኩት። ኤቫሪስቶ ከረባቱን ይዞ ሮጦ መጣ።

"እትዬ ኤውላሊያ፣ ምን እያደረጉ ነው? ጎብኚ እኮ ይመጣል!"

"ይምጣ። የሚያነበው ሌላ ጽፌያለሁ።"

አነበበና ፊቱ ጠቆረ። "ሰው እዚህ የሚመጣው ባህላችንን ሊያከብር ነው። ይሄን አንብቦ ማን ይጨፍራል?"

"መጨፈር የፈለገ ወደ ከበሮዎቹ ይሂድ" አልኩት።

አሁን እንዲህ ይላል፦ "የሲሪላ ዘፈን። ለልጇ ለሂላሪዮ ያወጣችው፤ ስድስት ዓመቱ ነበር። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም።" ዘፈኑ ግን አይሰማም። ሴቶቹ አንቺ ሳትፈቅጂ አንዘፍነውም ብለዋል፤ አክስት ሰባስቲያና የተቀዳውንም አስዘግታዋለች።

ካንደላሪያ አዲሱን ሰሌዳ አንብባ ሽመናዋን አቁማ ጠየቀችኝ። "ነፋስ አለ ያለቻትስ ማን ናት?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። "አንዲት ጎረቤት" አልኳት። አየሽ፣ ይህን ሁሉ ጽፌልሽ እንኳ ገና አልቻልኩም።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። በሩን ካልከፈትሽልኝ ደጅሽ ላይ እቀመጣለሁ፤ ኒኮላሳ ብታባርረኝ መንገዱን ተሻግሬ እቀመጣለሁ። ጣትሽን ልትሰጪኝ አልለምንሽም፤ አንዴ ወስጄ ክጄዋለሁ። የምለምንሽ ዘፈኑን አንዴ እንድትዘፍኚብኝ ብቻ ነው፣ ጎረቤቶችሽ እየሰሙ። እናቶቻችን በዘፈን ውስጥ ስም አይጠሩም ነበር፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን "እሷ" የምትዪበት ቦታ ስትደርሺ ስሜን ጥሪው።

ኤውላሊያ