በአዳራሹ በር ላይ ስለታሰረችው ቀይ ቅጠል

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ሲላስ ዋንጉ፣
የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዝዳንት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ፤ በተለይም ማክሰኞ ዕለት በወጥ ቤቱ መስኮት ወደ አዲሱ አዳራሽ ሲገቡ የተጋጨው ጉልበትዎ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። በስድሳ ሁለት ዓመት ዕድሜ መስኮት መዝለል ለሁሉም የሚሰጥ ጸጋ ባለመሆኑ፣ እኛ ተማሪዎችዎ በአመራራችን ቅልጥፍና ኮርተናል።

እኔ ትናንት በክቡር ፊርማዎ ከትምህርት ገበታዬ የታገድኩት የአራተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ኮኒዮ ሂቶሎ ነኝ። ለመጻፍ የሚበቃ ትርፍ ጊዜ ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ አምስት አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥናቱ። የማዕድን ኩባንያው ዝቃጩን ወደ ዋሴሚ ወንዝ ቢለቅ ነዋሪው አይጎዳም የሚለው የዩኒቨርሲቲያችን ጥናት የቀረው የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ብቻ እንደሆነ፣ ማኅተሙ ባረፈ በወሩም ዝቃጩ እንደሚለቀቅ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። የጥናቱ ምሰሶ ደግሞ ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ነዋሪዎቹ የወንዙን ውሃ ለምግብነት አይጠቀሙም» ትላለች። ይህችን መልስ መዝግቤ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መጠይቁ «የወንዙን ውሃ ትጠጣላችሁ?» ይል ስለነበር፣ ማማ ዋሲና የሚባሉ እናት «ኧረ ልጄ፣ እኛ የምንጠጣው ዝናብ ነው፤ በርሜሉ ያውና» ሲሉኝ «አይ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ፣ አመስግኜ ሄድኩ። እኔ ሩዝ ከሱቅ እየተገዛ ያደግሁ የባሕር ዳርቻ ልጅ ነኝ። የዋሴሚ ሰው ሳጎ የሚባለውን የዘንባባ ዛፍ ግንድ ፈልጦ፣ ውስጡን ቀጥቅጦ፣ በወንዙ ውሃ እያጠበ የሚያዘቅጠውን ዱቄት ጠዋትና ማታ እንደሚበላ፣ ሕፃንም ጡት ሲተው በዚያው ዱቄት ምግብ እንደሚጀምር አላውቅም ነበር፤ መጠይቁም አልጠየቀም። ኩባንያው የሙከራ ቁፋሮ ከጀመረ ወዲህ ዱቄቱ ግራጫ ሆኗል። ስህተቴን በደረስኩበት ማግስት ለጥናት ክፍሉ በጽሑፍ ባሳውቅ «ጥናቱ ተጠናቋል» የሚል የአንድ መስመር መልስ ደረሰኝ። ስህተቴን በሚያምር ጥራዝ ስላስጠረዙልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ እንግዳ አቀባበልዎ። ማማ ዋሲና ግራጫውን ዱቄት ጠቅልለው፣ ሁለት ቀን በታንኳ፣ አንድ ቀን በጭነት መኪና ላይ ተጉዘው እርስዎን ሊያዩ መጡ። ጸሐፊዎ ቀጠሮ እንዳላቸው ስትጠይቃቸው «ቀጠሮስ የለኝም፤ ግን እሱም እንደኔ የሰው ልጅ ነው፣ ሲወጣ አየዋለሁ» ብለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ተቀመጡ። ክቡርነትዎ ሦስቱንም ቀን በጓሮ በር መውጣትዎ ለአረጋውያን ዕረፍት ካለዎት አሳቢነት የመነጨ እንደሆነ አልጠራጠርም። በአራተኛው ቀን ማለዳ ማማ ዋሲና ተነሥተው ፊርማው ወደሚካሄድበት አዳራሽ ሄዱና በሩ እጀታ ላይ አንዲት ቀይ ቅጠል አሰሩ። እኛም ከሰባት ክፍለ ሀገር የተውጣጣን ተማሪዎች አጠገባቸው ተቀመጥን።

በአገራችን ወግ ያንን ቅጠል ያሰረው ሰው ራሱ እስኪፈታው ድረስ ማንም አያልፍም። ምግብ አብሳዮቹ አላለፉም። የጽዳት ሠራተኞቹ አላለፉም። «እኔ የማምነው በሳይንስ ነው» የሚሉት መምህሮቻችንም ድንገት ሌላ ቦታ ክፍለ ጊዜ እንዳላቸው ትዝ አላቸው።

ሦስተኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ። «በአዳራሹ በር ላይ የተንጠለጠለው ቆሻሻ በአስቸኳይ ይነሣ» የሚለው ቃል ከእርስዎ ብዕር የወጣ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር የጠበቁት ፓፓ ኦትማር ቅጠሉን እንዲፈቱ ሲታዘዙ ያሉት ይህን ብቻ ነበር፦ «ጌታዬ፣ እኔ ያላሰርኩትን አልፈታም። ቆሻሻ ከሆነ እርስዎ ያንሡት፤ ቆሻሻ ማንሣት እንደሆነ ነውር የለውም።» በዚያው ዕለት ከሥራ ተባረሩ። ከዚያ ክቡርነትዎ ሁላችንም እያየንዎት እጅዎን ወደ ቅጠሉ ዘረጉ፤ ዘርግተው ቆሙ፤ መልሰውም በሱሪዎ ጠረጉት። ከዚያ ዞረው በመስኮት ገቡ። የሴኔት አባላት ተከትለው ስላልዘለሉ ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ፣ ፊርማውም ቀረ።

ክቡርነትዎ፣ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ያነሡት ነበር። ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ባያውቁ ኖሮ፣ እኔ ሳላውቅ ሳጥኑ ላይ ምልክት እንዳደረግሁት ቢሆን ኖሮ፣ ቁጭ ብዬ አስረዳዎት ነበር። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እርስዎ ግን ነቅተው፣ ሰምተው፣ ፈርተው፣ ያንን ፍርሃት ይዘው በመስኮት የገቡት የልጆች ምግብ ወደሚበላሽበት ወረቀት ነው። ቅጠሉን ለመንካት የፈራ እጅ ወረቀቱን ለመፈረም እንዴት እንደሚደፍር አልገባኝም። ተናድጃለሁ፤ በትሕትና ልሸፍነው ሞክሬ አልሆነልኝም። አራተኛውንና አምስተኛውን አቤቱታ በዚሁ ምክንያት ትቼዋለሁ።

የምለምንዎት ፓፓ ኦትማር ወደ ሥራቸው እንዲመለሱና ጥናቱ ሳይፈረም ወደ ዋሴሚ ተመልሶ ዱቄቱ በምን እንደሚታጠብ እንዲጠየቅ ነው። የእኔ እገዳ ባለበት ይቆይ፤ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩና ይገባኛል።

የማኅተምዎ ቀለም በዕለቱ ደርቆ እንዲገኝ እየጸለይኩ፣ ለክቡርነትዎ ካለኝ ወሰን የለሽ አክብሮትና ከእሱ በጥቂቱ ከሚበልጥ ቁጣ ጋር፣

የቀድሞ ተማሪዎ፣
ኮኒዮ ሂቶሎ

ማስታወሻ፦ ፊርማው ለነገ ዓርብ ወደብ አጠገብ ወዳለው የእንግዳ ማረፊያ መዛወሩን ሰምተናል። ማማ ዋሲና ቦታውን ሳመለክታቸው ይራቅ ይቅረብ አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ ስንት በርና ስንት መስኮት እንዳለው ነው። ሄደን ቆጠርን፤ በድምሩ ሃያ ሦስት ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቅጠል ስንቆርጥ ዋልን።