አጎናፍር ያቀናው ዳርቻ

ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 2 ሰ.

መብራት እንደገና ሄደ። የመድኃኒት ቤቱን ጄኔሬተር አስነስቼ፣ ኢንሱሊኑ ያለበትን ፍሪጅ ፈትሼ፣ ገና ወንበር ሳልስብ ስልክ። ሙላት ነው፣ ታናሽ ወንድሜ። ይፋግ ያለውን የአባታችንን እርሻ የሚያርሰው እሱ ነው። ሐይቁ ሸሽቷል፤ ጭቃው ጠፍፏል። ሽምብራ ሊዘራ በሬዎቹን ይዞ ቢወርድ፣ ጎረቤታችን አዱኛ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ቀድሞት አርሶ አገኘው።

ይጮኻል። አጎናፍር ያቀናውን መሬት የታንኳ ሠሪ ልጅ አያርሰውም ይላል። ሽማግሌ ጥራ አልሁት። ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ።

አጎናፍርን አስተዋውቄህ አላውቅም፣ ማስታወሻዬ። የአባቴ ቅድመ አያት ነው። በየሠርጉ፣ በየተዝካሩ ስሙ ይነሳል። ከላስታ አንድ መጥረቢያ ይዞ መጣ፤ ሰው ያልረገጠው ዳርቻ አገኘ፤ ደን መነጠረ፤ ጉማሬ ገደለ፤ አገር አቀና። ልጅ ሆኜ ት/ቤት ደረቴን ነፍቼ አወራው ነበር።

ደንበኛ መጣ።

ኅዳር 14፣ ከቀኑ 11 ሰ.



ከሥራ ስመለስ ሙላት ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤቴ ጓዳ ውስጥ፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ በደም ርሷል። የራሱ መስሎኝ ገልጬ ቁስል ፈለግሁ። የለም። ደሙ የአዱኛ ነው።

ዛሬ ማለዳ ማሳው ላይ ተገናኙ። ተሰዳደቡ። አዱኛ ቀንበሩን ያዘ። ሙላት መጥረቢያ ነበረው። የመጀመሪያው ትከሻውን አገኘው፤ አዱኛ ተንበረከከ። ሁለተኛው አንገቱ ሥር ገባ።

"ሦስተኛውን አልመታሁትም፣ እታለም" አለኝ። እንደ ውለታ እየቆጠረው።

እማ ስንዱ በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰሙ። አክስቴ ናቸው፣ የአባቴ እህት፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ሸሚዙን ተቀብለው ውሃ ውስጥ ነከሩት። ውሃው ቀላ። ደፉት። ሌላ ቀዱ። እሱም ቀላ።

ደብቄዋለሁ። ይኸው፣ ጻፍሁት።

ኅዳር 15

አዱኛ አልሞተም። እዚሁ ባሕር ዳር ሆ/ል ተኝቷል። ያወቅሁት ከእህቱ ነው። የሺ። ይፋግ አንድ ወንበር ላይ የተማርን፣ አንድ ጃንጥላ የተጋራን። ማዘዣ ይዛ መድኃኒት ቤቴ ገባች። እኔ መሆኔን ያወቀችው ባንኮኒው ጋ ከደረሰች በኋላ ይመስለኛል።

የታዘዘውን ሰጠኋት። ፋሻ፣ መርፌ፣ ግሉኮስ። ከረጢቷ ውስጥ ከተተች። ከዚያ፦

"የት ነው ያለው?"

"አላውቅም።"

ፊቴን አየችው። ልጅ ሆነን ስዋሽ ጆሮዬ እንደሚቀላ ታውቃለች። በጡጫዋ የባንኮኒውን መስታወት መታችው። ተሰነጠቀ። ደገመችው፤ ረገፈ። ከእጇ ደም እየተንጠባጠበ ወጣች። ፋሻ ይዤ በሩ ድረስ ተከተልኋት። ዞር ብላ፣ ከነካሽኝ አንቅሻለሁ፣ ከእጄ የሚያስለቅቅሽ የለም አለችኝ።

መስታወቱን ስጠርግ ዋልሁ። ገና ጥግ ጥግ ላይ አለ።

ኅዳር 16፣ ከሰዓት በኋላ

አጎቴ ፈንቴ ከይፋግ ደወለ። የአዱኛ ዘመዶች የሙላትን ቤት አቃጥለውታል። በሬዎቹን ቋንጃቸውን ቆርጠው ጥለዋቸዋል፤ እስከ ረፋድ ሲያጓሩ ነበር አለ። በእኛም በኩል ጠመንጃ ያለው ሁሉ ወጥቷል። የሚጠበቀው ሙላት ነው። መኪና እልክለታለሁ አለ።

ሙላት ስለበሬዎቹ ሲሰማ ግድግዳውን መታ። የጣቶቹ ቆዳ እስኪገሸለጥ። ስለቤቱ ምንም አላለም። ተመልሼ የአዱኛን ቤት ከሥሩ ነው የምነቅለው፣ ዘር አላስቀርላቸውም አለ። በእርጋታ ነው ያለው። ነገ የሚገዛውን ነገር እንደሚናገር ሰው።

በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ። ድምፁን አላውቀው አልሁ። ፈራሁት።

ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 4 ሰ.

ሥራ አልገባሁም። እንደሆነው ልጻፈው።

እማ ስንዱ ሙላትን ተቀመጥ አሉት። እኔንም። ይህን ነገር ከአያታቸው ነው የሰሙት፤ አያታቸው ደግሞ ከገዛ እናታቸው። አባታችን እንዳይወራ ከልክሎ ነበር።

ዳርቻው ባዶ አልነበረም። ከደንገል፣ ከሐይቅ ዳር ሸምበቆ፣ የተሠሩ ጎጆዎች ነበሩበት። ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። አጎናፍርም አንድ መጥረቢያ ይዞ ብቻውን አልመጣም፤ ሰዎች አስከትሎ ነው። ጎህ ሲቀድ ጎጆዎቹን ለኮሱ። ደረቅ ደንገል፣ ወዲያው ተያያዘ። የወጣውን በር ላይ ወጉት። ወደ ሐይቁ የሮጠውን እስከ ወገብ ውሃ ውስጥ ገብተው ወጉት። ያ ስንዘፍንለት የኖርነው መጥረቢያ፣ አጎናፍር የመንደሩን ሽማግሌ በደጃፉ ላይ ጭንቅላቱን የፈለጠበት ነው።

የሽማግሌው ልጅ የታጨደ ደንገል ሥር ተደብቃ ነበር። በፀጉሯ ጎትቶ አወጣት። የአባቷ ደም ሳይደርቅ ሚስት አደረጋት። ወለደችለት።

"እሷ ናት የዘራችን እናት" አሉ እማ ስንዱ። "ወንድሟ በታንኳ ወደ ደሴቶቹ አመለጠ። ሲያረጅ ተመልሶ፣ ዳር ላይ አስጠጉኝ ብሎ ለመነ። አዱኛ የሱ ዘር ነው። በመጥረቢያ የፈለጥኸው የሥጋ ዘመድህን ነው፣ ልጄ።"

ሙላት መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተነሳ። አሮጊት፣ አጥንታችንን ሰደብሽ አለ። በሕይወቱ አንቺ ብሏቸው አያውቅም። ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጨምድዶ ወደ በሩ ወረወራቸው። ጭንቅላታቸው ከመቃኑ ጋር ሲላተም ሰማሁ።

ዘነዘናው እጄ ውስጥ እንዴት እንደገባ አላውቅም። የእጁን አንጓ መታሁት። አጥንቱ ቀጭ አለ። ሙላት እጁን ታቅፎ ተቀመጠ፤ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ አየኝ። ክንዴ እንደገና ተነስቶ ነበር። ጭንቅላቱን እያየሁ ነበር፣ ማስታወሻዬ። የት እንደማሳርፈው መርጬ ነበር።

"በቃ!" አሉ እማ ስንዱ፣ ከወለሉ ላይ። ደም ዓይናቸው ውስጥ እየገባ።

ጣልሁት።

ኅዳር 18

አዱኛ ማለዳ ሞተ። ሆ/ል የምትሠራ ጓደኛዬ ነገረችኝ። የሺ ኮሪደሩ ላይ ራሷን ከግድግዳ ጋር ስታላትም ሦስት ሰው ሆነው ያዟት አለች።

ለሙላት ነገርሁት። ያለቅሳል ብዬ ነበር። ያበጠ እጁን እያየ፣ እንግዲህ ደም ነው፣ ቀድሞ የገደለ ይተርፋል አለ። የአጎቴ መኪና ከሰዓት ይደርሳል። በግራ እጄም መተኮስ እችላለሁ አለ።

ቡና ዱቄት ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ከውጭ ቆለፍሁ። እማ ስንዱ ውስጥ ናቸው፤ እሳቸው ናቸው ቁልፉን የሰጡኝ። ፖ/ጣቢያ ሄድሁ። ስሜን ጠየቁኝ። የሱን ስም ጠየቁኝ። ምኑ ነሽ አሉኝ። እህቱ አልሁ። የሚጽፈው ፖሊስ ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ አቀረቀረ።

ፖሊሶቹን ይዤ ተመለስሁ። ሙላት አልታገለም። ካቴና ከማስገባታቸው በፊት አንጓውን ልሰርለት ለመንሁ፤ ፈቀዱልኝ። ፋሻውን ስጠመጥም ትንፋሹ ፀጉሬ ላይ ነበር።

"እታለም፣ አንቺ?" አለ።

የአጎቴ መኪና ደርሶ ባዶውን ተመለሰ። አጎቴ ደውሎ ከሃዲ ብሎ ሰደበኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቤታችን አትረግጪም አለ።

ኅዳር 19፣ ይፋግ መግቢያ፣ ሚኒባስ ውስጥ

አዱኛ ዛሬ ይቀበራል። አጎቴ ጠዋት ደግሞ ደውሎ ነበር፤ እንዳትመጡ፣ ከቀብሩ አፋፍ ላይ ያርዷችኋል አለ። የሚያስፈራራኝ ነው ወይስ የሚራራልኝ፣ ከድምፁ መለየት አልቻልሁም።

እማ ስንዱ ጭንቅላታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ጥቁር ለበሱ። እኔ እሄዳለሁ፣ የሞተብኝ ዘመዴ ነው አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አጎናፍር ምን እንዳደረገና እኛ የማን ልጆች እንደሆንን ተናግሬ እሞታለሁ አሉ። አንቺ ግን ቅሪ። ወጣት ነሽ።

አልቀረሁም። ሐይቁ በግራ በኩል ብልጭ ይላል። ዓይኔን ከሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። ውሃው ውስጥ እስከ ወገባቸው የቆሙ ሰዎች ይታዩኛል።

ሚኒባሱ ቆመ። ሾፌሩ ከዚህ አላልፍም አለ። ለቅሶው ይሰማል፤ የሺን ከሁሉም መሃል ለየኋት። ከዛፎቹ ሥር ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ተነስተው ወደኛ እያዩ ነው።

እማ ስንዱ ወርደው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሱ። ትልቅ ነው፤ ለሳቸው አይሆንም። ለይቅርታ እንደሚሄድ ሰው ማጅራታቸው ላይ ጫኑት። መራመድ ጀመሩ።

ለእኔም የሚሆን ድንጋይ አየሁ። ልወርድ ነው።