ሽማግሌዎቹ በቀስተ ደመናው ሥር

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ዝናብ። የሮተርዳሙ ባቡር ዘገየ። ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ዛሬ ግን በድምጽ ማጉያ ይቅርታ ጠየቀ። ትልቅ ለውጥ ነው።

ፍሌር ማስታወሻ ያዢ አለችኝ። ፍሌር የዩኒቨርሲቲው «የቀስተ ደመና ክፍል» ኃላፊ ናት። ለእኔ ብጤ የተከፈተ ክፍል… ሴት ለሚወዱ ሴቶች፣ ወንድ ለሚወዱ ወንዶች፣ ገና እያሰቡበት ላሉም። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከማተሚያ ማሽኑ ጎን። በሩ ላይ «እዚህ ማንም አይፈረድበትም» ተብሎ ተጽፏል። ማሽኑ ወረቀት የበላባቸው ሁሉ እያንኳኩ ይገባሉ። እነሱ ላይ ግን ይፈረዳል፤ አብሮን የሚቀመጠው ስታይን ሲገላምጣቸው አይቻለሁ።

«በእናት ቋንቋሽ ጻፊው፤ ነፃ ያወጣሻል» አለች። እሺ። ግን ፍሌርዬ፣ የእናት ቋንቋዬን እናቴም ታነበዋለች እኮ! በሆላንድኛ ብጽፍ ነበር የሚሻለኝ። እማ በሆላንድኛ የምታነበው የግብር ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ ነኝ የማነብላት።

ስለዚህ ይሄ ደብተር ቤት አይገባም። ዩኒቨርሲቲ፣ ሎከር ውስጥ ነው የሚያድረው። ነፃ ሊያወጣኝ የመጣ ደብተር እሱ ራሱ ተቆልፎበት።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 24

በቀስተ ደመናው ክፍል ኬኩ ሁሉ ቪጋን ነው። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው። ረቡዕም ዓርብም ያለ ሐሳብ እበላለሁ። እዚህ አገር ጾሜን ያከበረልኝ ቢሮ ይሄ ብቻ ነው። ለእማ ብነግራት በደስታ ታለቅስ ነበር… የምን ቢሮ ነው እስክትል።

ፍሌር ስለ ቤተሰቤ ስትጠይቅ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ነው የምትመስለው።

«እቤት… ደህና ነሽ?»

ደህና ነኝ። ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ እማ እና እኔ።

«የምታስገድድሽ ነገር አለ?»

አለ። ዳቦዋን እንድበላ። የእማ ድፎ ዳቦ… ዱቄቱ ይሁን ኦቨኑ፣ ቢወረወር ትራም ያስቆማል። ይሄን ግን ለፍሌር አልነገርኳትም፤ ሪፖርት ታደርጋለች።

እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ክፍል ስገባ ትከሻዬ ይፈታል። እሱን አልክድም። እሱንም አልነግራትም፤ ፖስተር ታደርገዋለች።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ነገ «ራስን የመግለጥ ቀን» ነው። ነገ ቅዳሜ ስለሆነ ዛሬ አከበሩት። ነፃነትም የሥራ ሰዓት አለው።

ባንዲራ ተሰቀለ። አንድ ኃላፊ ንግግር አደረገ፤ ስማችንን ሳይሳሳት ለመጥራት ሲል ማንንም በስም ሳይጠራ ጨረሰ። ከዚያ ስታይን ተነሳ። ከብራባንት የመጣ ልጅ ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አብሮን ይቀመጣል። በድግሱ መሀል እናቱ ጋ ደወለና ነገራት። እናቱ በድምጽ ማጉያ፦ «እናውቃለን ልጄ። እሑድ እራት ትመጣለህ?» ጭብጨባ። ኬክ።

«አንቺስ ሳያት?» አለች ፍሌር።

እኔማ… ለእማ መንገር ለእማ ብቻ መንገር ቢሆን! ለማኅበሩ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ አዲስ አበባ ላሉት አክስቶቼ ነው። ኤዶምም እንደዚሁ ትላለች። ኤዶም የእኔ… ኤዶም ናት። ዛንዳም ነው የምትኖረው። እናቷ እና እማ አንድ ማኅበር ውስጥ ናቸው። «ዝም አይነቅዝም» ትላለች።

የምፈራውን በግልጽ ልጻፈው። ከቤት ታስወጣኛለች ብዬ አይደለም። እያየችኝ የሌላ ሰው ልጅ እንዳልሆንባት ነው። እዚህ አገር ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። እሷም ከእኔ ሌላ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ኤልፍነሽ እማን ጥግ ይዘው አንሾካሾኩ። እትዬ ኤልፍነሽ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ካንቲን ነው የሚሠሩት። ሦስተኛ ፎቅ ስገባ አይተውኛል። ኮሪደሩ ላይ በትልቁ «የተማሪዎች ድጋፍ» ይላል። ድጋፍ! በሐበሻ ጆሮ ድጋፍ የሚያስፈልገው ለወደቀ ነው።

ትራሙ ላይ።

«ሊያባርሩሽ ነው?»

«ማን?»

«ትምህርት ቤቱ።»

«አይደለም እማ።»

«ታዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ቢሮ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምክር… ይመክሩናል።»

ምክር! ምን ነካኝ? ምነው ምላሴን በቆረጠው! እማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

እማ ዳቦ ትጋግራለች። በዓል የለ፣ ልደት የለ። «ለማን ነው?» አልኳት። «ላንቺ አይደለም» አለች። ተመስገን።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ጉድ! ሳልረሳው ልጻፈው… እንዴት ይረሳል ደግሞ?

ክብ ሠርተን ተቀምጠናል። ስታይን ስለ እሑዱ እራት ይተርካል። በሩ ተንኳኳ። የማተሚያው ሰው ነው ብለን ዝም አልን። ተከፈተ።

ጋሽ አድማሴ። ሙሉ ሱፍ፣ ክራቫት። ከኋላቸው ጋሽ ባዩ፤ ሁለቱም የእማ ማኅበር ሰዎች። ከእሳቸው ኋላ እትዬ ኤልፍነሽ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው። ዳቦው!

ሽማግሌ ናቸው። እማ ዩኒቨርሲቲው ላይ ሽማግሌ ላከችበት!

ጋሽ አድማሴ የዴን ሃግን ሐበሻ ትዳር ግማሹን ያስታረቁ ናቸው። ሌላውን ግማሽ ደግሞ ያጋቡት እሳቸው ናቸው። ፍሌር ወንበር ሳበችላቸው። አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ልክ ከባንዲራው ሥር ቆሙና በዚያ በሚሰባበረው ሆላንድኛቸው ጀመሩ።

«እመቤቴ፣ የዚች ልጅ ቤተሰቦች ነን። ልጅ ናት። ጥፋት ካለ ጥፋቱ የእኛ ነው። እናቷ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ይቅር በሉን። አታባርሯት።»

ፍሌር እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ምን እንደመሰላት ያን ጊዜ ገባኝ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ዳቦ ጋግሮ፣ እኔን እንዳለሁ ሊቀበል የመጣ ነው የመሰላት!

«ይቅር የሚባል ነገር የለም» አለች። «ሳያት ምንም አላጠፋችም። እንዲሁ እንዳለች ግሩም ልጅ ናት።»

ጋሽ አድማሴ ወደ ጋሽ ባዩ ዞሩ። በአማርኛ፦ «ውጤቷ ጥሩ ነው ማለት ነው።»

«ተመስገን» አሉ ጋሽ ባዩ።

«እንግዲያው አትባረርም?» አሉ ጋሽ አድማሴ ወደ ፍሌር ዞረው።

«በፍጹም! እዚህ ሁልጊዜ ቦታ አላት።»

ያን ጊዜ ተቀመጡ።

እኔስ? እኔማ ምን ልበል? ለፍሌር ባስረዳት እነሱ ይሰማሉ፤ ለእነሱ ባስረዳቸው… ለዳቦው ቢላ ፍለጋ ተነሳሁ።

ዳቦው ተቆረሰ። ስታይን ቪጋን መሆኑን ጠየቀ። ነው። ታገለው። «ጠንከር ያለ ነው» አለ ልጁ፣ ጨዋ ነው።

ፍሌር ለሦስቱም የክፍሉን የአንገት ማሰሪያ ሰጠች፣ ቁልፍ የሚንጠለጠልበትን፣ ቀስተ ደመና የሆነውን። ጋሽ አድማሴ እዚያው አጠለቁት። በጆሮዬ፦ «ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች ናቸው። የኖኅ ቃል ኪዳን ነው እኮ ይሄ።»

ከዚያ ፎቶ። ፍሌር የእያንዳንዳችንን ፈቃድ ጠየቀች፤ ያለ ፈቃዳችን የትም አይወጣም፣ ፕራይቬሲ ምናምን… መገዘት ነው የቀራት። ጋሽ አድማሴ በሙሉ ልብ ፈቀዱ። አንዱን ደግሞ በራሳቸው ስልክ አስነሱ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ኤዶም ደወለች። «የማኅበሩን ቴሌግራም አየሽው?»

አየሁት። ሦስቱም ተደርድረው፣ እኔ መሀል። ከላያችን ባንዲራው። ደረታቸው ላይ ማሰሪያው። ከጋሽ አድማሴ ራስ በላይ የክፍሉ ስም በትልልቅ ፊደል። ጽሑፉ፦ «የልጃችን የሳያት ጉዳይ በሽምግልና ተፈጽሟል። ዩኒቨርሲቲው ይቅር ብሏል። እግዚአብሔር ይመስገን።» ከሥሩ የእጆች መዓት፣ የአበባ መዓት። የኤዶም እናት ሳትቀር አበባ ልካለች።

ሳቅን። ኤዶም ዛንዳም፣ እኔ ባቡር ጣቢያው ላይ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረን ሳቅን። ቀድማ ያቆመችው ኤዶም ናት።

«እስካሁን ያዩት ወላጆች ናቸው» አለች። «ልጆቹ ከትምህርት ሲመለሱ…»

እዚህ ያደጉ ልጆች ባንዲራውን ያውቁታል። ለኖኅ አይሰጡትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ከሰው ከምትሰማው ካንቺ ትስማው» አለች።

«ያንቺን ስም አልጠራም።»

«አውቃለሁ።»

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ነገርኳት። ትናንት፣ ከሥራ እንደገባች። ፍሌር ያለማመደችኝ ንግግር ነበረኝ… ትንፋሽ ውሰጂ፣ ስሜትሽን ግለጪ… ሁሉም ጠፋ።

«እማ፣ ሊያባርሩኝ አልነበረም። ያ ቢሮ ሴት ለምትወድ ሴት ነው። እኔ የምወደው ሴት ነው።»

እማ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አንድ ጫማዋን አወለቀች። የምትሠራው አረጋውያን መኖሪያ ነው። እዚያ ሁለት አሮጊቶች አሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው የኖሩ። እማ ናት የምታጥባቸው። ትወዳቸዋለች።

«እንደ ወይዘሮ ዲክስትራ እና እንደ ጓደኛዋ?» አለች።

«እንደነሱ።»

«እነሱ እኮ ፈረንጅ ናቸው!»

ተነስታ ክፍሏ ገባች፣ በአንድ እግር ጫማ። ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም አለቀስኩ። የምስቅበት ነገር ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ፎቶው ከቴሌግራም ጠፍቷል። ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እማ ሽሮ ሠራች። ከአንድ ትሪ በላን። ቃል አልተነፈስንም። ግን ትሪው አንድ ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

መጡ። ያው ሦስቱ። ያው ሱፍ። ማሰሪያው የለም። ወደ ክፍልሽ ግቢ አሉኝ። የሙርዋይክ ግድግዳ ደግሞ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚባልበት ነው። ሁሉንም ሰማሁ።

«ማናለብሽ፣ አዋረድሽን» አሉ ጋሽ አድማሴ እማን። «ያን ነገር አንገቴ ላይ አድርጌ አገር አየኝ። አሁን ልጅቷ አገር ቤት ትሂድና ጸበል ትጠመቅ። እምቢ ካለች ካንቺ ቤት ትውጣ። ካልሆነ ማኅበሩ እዚህ ቤት አይረግጥም።»

ወንበሩ አልተንቀሳቀሰም። ቆመው ነው የሚናገሩት።

እኔ በሩን ተደግፌ… ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር በግማሽ ስቤዋለሁ፣ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

«ጋሽ አድማሴ፣ ያን ዕለት የላክሁዎት ምን ብዬ ነበር?» አለች እማ።

«እንዳያባርሯት ለምኑልኝ ብለሽ።»

«አባረሯት?»

«አላባረሯትም።»

«ያቺ ፈረንጅ ባዕድ ናት። ሁልጊዜ ቦታ አላት ብላ ቃል ገባችልዎ። እርስዎም እሺ ብለው ተቀመጡ። ታዲያ አሁን እኔ እናቷ ላባርራት?»

ጋሽ አድማሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገሩ አልገባኝም» አለች እማ። «ደስም አላለኝም። ማታ ማታ አለቅሳለሁ። ግን ሽማግሌ ሄዶ የጨረሰውን ነገር ሽማግሌ መልሶ አያፈርስም። ይሄን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ አድማሴ አልተቀመጡም። በሩ ተከፈተ። መጨረሻ የወጡት እትዬ ኤልፍነሽ ናቸው።

«ዳቦሽን ግን በልተውልሻል፣ አንቺ» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሻንጣውን በእግሬ ገፍቼ ወደ ውስጥ መለስኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ጠዋት እማ፦ «ዛሬ ማክሰኞ ነው?»

«አዎ።»

«ጨርቄን አምጪልኝ። የዳቦዬን።»

ስለ ሌላ ነገር ምንም። የምወዳት ማን እንደሆነች አልጠየቀችም። ገና ነው።

ፍሌር ጨርቁን ባንዲራው አጠገብ ሰቅላዋለች፤ ከሥሩ «የመቀበል ምልክት» የሚል ጽሑፍ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሽማግሌዎቹ ምን ፈልገው እንደመጡ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውንም። ዞር ብላ ጽሑፉን አየችው። ቆይታ፦ «ምን ላድርግልሽ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ።

«ጨርቁን አውርጂልኝ።»

ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው። አጣጥፋ ሰጠችኝ። ኬክም በሳጥን ጨመረችበት። «ለእናትሽ። ቪጋን ነው።»

እማ ሳጥኑን ከፍታ አሸተተች። «ነገ ረቡዕ ነው» አለች።

«የጾም ነው እማ።»

ጫፉን ቆርሳ ቀመሰች። «ለስላሳ ነው። ዱቄቱን ከየት እንደምትገዛው ጠይቂልኝ።»

ይሄን የምጽፈው ቤት ነው። ደብተሩን ከሎከር አወጣሁት። እማ ወዲያ ዕቃ ታጥባለች፣ እኔ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ስጨርስ እዚሁ እተወዋለሁ።

እማ፣ ካነበብሽው… ስለ ዳቦሽ የጻፍኩትን ዝለይው።